አንድ ሳል ይግባ፣ ሁለት ሳል ይመለስ

የባሌን እህት ትክክለኛ ስም የሚያውቁት እናቷና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው። እኛ አፍንጫ ነው የምንላት፤ ነገሩ ከበድ ሲል ደግሞ እትዬ አፍንጫ። በሷ ምክንያት እኛ ዘንድ "አፍንጫህን ላስ" ብሎ መሳደብ ከቀረ ቆየ፤ ከሰማች "እኔን በምን ዕዳዬ!" ብላ ትነሣለች። ስሙን ያወጣላት መልኳ እንዳይመስላችሁ። አፍንጫዋ ትንሽዬ ናት፤ ማቆጥቆጥ የጀመረች የድንች ዓይን ብታህል ነው። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው።

ሥራዋን ልንገራችሁ። አርባ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ማኅበር ሆነን ድንች እናመርታለን። ለከርሞ የምንተክለውን ዘር የምናስቀምጥበት አንድ የጋራ መጋዘን አለን፤ ረጅም ክፍል፣ ግድግዳው ሸክላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። መስኮቶቹ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሽቦ ተመትቷል፣ የእሳት ራት እንዳትገባ። ያቺ ግራጫ ጉድ ድንቹ ዓይን ላይ እንቁላሏን ጣል ካደረገች አለቀ፤ ትሏ ውስጥ ለውስጥ ቦርቡራ ባዶ ልጣጭ ታስታቅፈናለች። ዘር ድንች በጆንያ አይከርምም፤ ብርሃንና አየር እንዲያገኝ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ይዘረገፋል። ሁላችንም የምንተክለው አንድ ዓይነት ስለሆነ የአንዱ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የአንድ ሰው ብስባሽ የአርባ ሁለት ሰው ብስባሽ ነው።

እንግዲህ እሷ በሩ ላይ ትቆማለች። የጆንያው አፍ ይፈታል፤ ፊቷን እስከ ጆሮዋ ትከታለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ ቀና ብላ ወይ "ይግባ!" ወይ "ይመለስ!" ትላለች። ይግባ ካላለች ይግባኝ የለም።

ይህን ሥልጣን ማንም በነፃ አልሰጣትም። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት የመጋዘኑ ጠራጊ ነበረች። አንድ ቀን መጥረጊያዋን ጥላ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደችና "ጋሼ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ሥር አንድ የሞተ ድንች አለ" አለችው። "ቀብሩ መቼ ነው?" ብሎ ሳቀባት፤ አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። በሁለተኛው ሳምንት ከበሩ ሥር ቡናማ ውሃ እየተንፏቀቀ መንገድ ላይ ወጣ፤ ሽታው ደግሞ አይነሣ። በዚያ ዓመት ዘር ከሰው ለምነን ተከልን። ከዚያ ወዲህ ነው መጥረጊያውን ተቀብለው በሩን የሰጧት።

በሩ ላይ ብቻ ብትቆም ደግ ነበር። ማሳ ለማሳ ትዞራለች። "አፈር አስታቅፉት እንጂ! ድንች ልጅ ነው፣ ካላቀፉት ይበርደዋል!" ትላለች፤ ግንዱ ሥር አፈር ከፍ ብሎ ካልተከመረ እኮ ፀሐይም የእሳት ራትም ያገኘዋል። ከመቆፈሩ ሁለት ሳምንት በፊት "ቅጠሉን እጨዱት፣ ልጣጩ ይጠንክር" ትላለች። ዶማ የነካውን ከጤነኛው ጋር የሚጨምር ሰው ካየች ደግሞ ያ ሰው ያን ቀን እራት አይበላም። ዋና ጠላቷ አንድ ጎረምሳ ገበሬ ነው፣ ነገ የሚባል። ቅጠሉን አጨድክ? "ነገ።" ጥላ ሥር አደረቅከው? "ነገ።" ሚስቱ እንኳ ነገ ነው የምትለው፤ እንዴት አድርጎ ዛሬ እንዳገባት እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ዝናቡ አልቆም አለ። በየማሳው ቅጠሉ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ወጣ፤ ዋግ ነው። ዋግ ቅጠሉን ብቻ በልቶ አይሄድም፤ ወደ ታች ይወርድና ድንቹን ይነካዋል፣ ሲቆፈር ደህና መስሎ ይወጣና መጋዘን ውስጥ ነው ጉዱን የሚያወጣው። እንዲህ ባለ ዓመት የሚያድነን ያቺ አፍንጫ ብቻ ናት እያልን ተጽናናን።

በዚያው ሰሞን እትዬ ጉንፋን ያዛት።

መጋዘኑ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ልጠይቃት ሄድኩ። ወጥ ቤቷ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ጉንፋኑ ለቋታል፣ ድምፅዋም ተመልሷል፤ ነገን እየረገመች ታወራኛለች። ምድጃው ደግሞ እጇ ሥር ነው። ገና ከደጅ ስገባ አፍንጫዬን የመታኝ የሚያር ወተት ነው፤ ድስቱ ገንፍሎ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ጢሱ ፊቷ ላይ ይሄዳል። እሷ እቴ! አተሯን ትፈለፍላለች።

"እትዬ፣ ወተቱ!"

ዞር ብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አተሩ ከእጇ ወደቀ።

"አይሸተኝም" አለች። "ምንም። ሽንኩርት አሸተትኩ፣ ምንም። ነጭ ጋዝ አሸተትኩ፣ ምንም። ትናንት የወንድምሽን፣ ማለቴ የወንድሜን፣ የባልሽን ካልሲ አሸተትኩ። እሱም ምንም!"

"ካልሲው እንኳ ካልሸተተሽ ነገሩ የምር ነው" አልኩ፤ ላስቃት ብዬ። አልሳቀችም። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

"ለሊቀመንበሩ ንገሪው" አልኳት።

"አብደሻል? ያን ጊዜ ጠራጊ ሆኜ የሳቁብኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። ያለ አፍንጫ እኔ ማን ነኝ? መጥረጊያዬን ይመልሱልኛላ!"

"ዘሩስ? ዘንድሮ ያ ሁሉ ዋግ እያለ?"

"ለዚያ ነው እኮ እንቅልፍ ያጣሁት! ሦስት አራት ቀን ነው፣ ይመለሳል። እስከዚያ ማንም አይስማ። ዝም አይነቅዝም" አለችኝ።

እኔ ደግሞ አፌ ሰፊ ነው እንጂ አንጀቴ ቀጭን ነው፤ ስታለቅስ ሳያት ቆረጠኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እዚያው የተቃጠለውን ድስት እየፋቅን አንድ ብልሃት ፈጠርን። እኔ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሚዛን ነው የምሠራው፤ ጆንያ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጋ ነው። የኔ አፍንጫ የተለየ አይደለም፣ ግን ሥራውን ያውቃል። ስለዚህ አሽትቼ አንድ ጊዜ ከሳልኩ ይግባ፣ ሁለት ጊዜ ከሳልኩ ይመለስ። እሷ እንደ ልማዷ ፊቷን ትከታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሳሌን ታዳምጣለች፣ ትፈርዳለች።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት አማረልን! "እህ!" እላለሁ፤ "ይግባ!" ትላለች። "እህ፣ እህ!" እላለሁ፤ "ይመለስ!" ስትል ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ችግሩ ሰው ደግ ነው። እስከ ምሳ ድረስ ሦስት ሰው ዝንጅብል አመጣልኝ፣ አንዲት ሴት ሹራቧን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለች። ሊቀመንበሩም ቆሞ ሲያዳምጠኝ ቆየና "አንቺ ልጅ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ድንቹንም ጉንፋን ታስይዢዋለሽ" አለኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ የልማድ ሳል ነው" አልኩት።

"ልማድማ ነው። ጤነኛ ድንች ሲመጣ አንድ ጊዜ፣ ብስባሽ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ትስያለሽ። ደረትሽን ሽታው ነው መሰለኝ የሚያስለው" ብሎ ሄደ። እትዬና እኔ ተያየን።

በሦስተኛውና በመጨረሻው የርክክብ ቀን ግን የእጄን አገኘሁ። ሳምንት ሙሉ ጉንፋን ገና ከለቀቃት ሴትዮ ጋር እያንሾካሾክኩ ምን ልሁን? ጠዋት ስነሣ ጉሮሮዬ ይከረክረኛል፣ አፍንጫዬ መታፈን ጀምሯል። እንደ ምንም ብዬ ሠራሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነገ ዘጠኝ ጆንያ ጭኖ መጣ። ስምንቱ አለፉ። ዘጠነኛውን ስፈታው በዚያች በቀረችኝ ቀዳዳ የሆነ ነገር ሽቅብ መጣ፤ ኮምጠጥ፣ ጎምዘዝ ያለ። ብስባሽ ነው! ሁለቴ ልስል ብዬ "እህ!" አልኩ። ሁለተኛውን ልደግም አፌን ስከፍት ሳሉ የት ገባ? "እንጥሽ!" አልኩ፣ ሚዛኑ እስኪርገበገብ።

አንድ ሳልና አንድ እንጥሽታ። እንጥሽታ ውላችን ውስጥ የለም።

እትዬ ፊቷ ጆንያው ውስጥ እንዳለ ትንሽ ቆየች። ግራ ገብቷታል፤ ጀርባዋ ያስታውቃል። ከዚያ ቀና አለችና "ይግባ!" አለች።

ምን ልበል? "ኧረ አይግባ፣ ያነጠሰኝ ነው እንጂ!" ልበል? አፌን ያዝኩ። ዝም አይነቅዝም አልኩ ለራሴ፣ ማታ ገብቼ አወጣዋለሁ። ተሸካሚው ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ። ማታ ስንገባ ግን ያ ጆንያ የት መደርደሪያ ላይ እንደተዘረገፈ ተሸካሚው ራሱ አያውቅም። በዚያ ቀን ብቻ መቶ ሃምሳ ጆንያ ዘርግፏል። እኔ ደግሞ በዚያች ማታ አፍንጫዬ ጨርሶ ተዘጋ።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ጆንያ ሞት መጋዘኑ ውስጥ ገብቷል፤ ጠባቂዎቹ ሁለት ሴቶች ነን፤ በሁለታችን መካከል አንድ የሚሠራ የአፍንጫ ቀዳዳ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ "ልንጠርግ ነው" እያልን እየገባን መደርደሪያ ለመደርደሪያ በእጃችን ዳሰስን። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። የዳሰስነው ሁሉ ደረቅ ነው፣ ጤነኛ ነው። አርባ መደርደሪያ በሁለት ሰው እጅ መቼ ያልቃል?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አምስተኛው መደርደሪያ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል እርጥብ ነገር አየን። ዝንብ አርፎባታል። ቡናማ ናት።

እትዬ ቁጭ ብላ አየቻት። ያን ከበሩ ሥር የተንፏቀቀውን ውሃ እያሰበች እንደሆነ አውቄያለሁ። ተነሣች፤ ሻርፗን አጥብቃ አሠረች፤ ወጣች። ግቢው ውስጥ የማኅበሩ ሰው ለስብሰባ ተሰብስቧል። በሩ ላይ፣ እዚያው በየዓመቱ የምትቆምበት ድንጋይ ላይ ቆመች።

"አፍንጫዬ ሄዷል" አለች።

ከኋላ የነበረው ሰው ሊሰማ ተጠጋ።

"ሁለት ሳምንት ሆነው። ምንም አይሸተኝም። ደብቄያችሁ ነው የቆየሁት፤ ፈርቼ ነው። ብስባሽ አስገብቻለሁ።"

መጀመሪያ የሳቀው ነገ ነው። ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም።

"እና ሰሞኑን የተመለሰውን ጆንያ ሁሉ ማን አሸተተው?" አለ።

መመለስ አላስፈለገኝም፤ አነጠሰኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሹራቧን የሰጠችኝ ሴትዮ "ሳሉ!" ብላ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። ዝንጅብል ያመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው የተቆጡት።

እትዬ ቆማ ሳቁን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከድንጋዩ ግን አልወረደችም። "ሳቁ፣ ጠግባችሁ ሳቁ!" አለች፤ "አምስተኛው መደርደሪያ ሥር ግን የከርሞ ዘራችሁ እየፈሰሰ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ባልዲ ያዙና ግቡ!"

ሳቁ እዚያው ተቆረጠ። አርባ ሁለት ቤተሰብ ባልዲና ቅርጫት ይዞ ገባ። እያንዳንዷን ድንች በእጃችን አነሣን፣ አገላበጥን፣ አሸተትን፤ ማለቴ አፍንጫ ያላቸው አሸተቱ፣ እኔና እትዬ ባልዲ አመላለስን። እርጥቡ ተለይቶ ወጣ፣ ከግቢው ርቆ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ፤ ሊቀመንበሩ "ቀብሩ መቼ ነው ብዬ ነበር፤ ይኸው ደረሰ" አለና አፈር ጨመረ። አንዱ መስኮት ላይ ደግሞ ወንፊቱ ተቀድዶ አገኘን፤ ሥሩ ያለው ድንች ላይ ትል ገብቶ ነበር። ያንን እንኳ አፍንጫም ቢኖር ማንም ሳያየው ይከርም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአርባው መደርደሪያ የጠፋው አንድ ተኩል ብቻ ሆነ። ዘራችን ተረፈ።

ሁላችን ደክሞን ግድግዳው ሥር እንደተቀመጥን ነገ እጁን እያሻሸ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነገረው ነው የመጣው።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ብስባሹ የኔ ነው። ገና ቤት እያለሁ ሸትቶኝ ነበር።"

"ሸትቶህ ነበር? ታዲያ ለምን አልለየኸውም?"

"ምን ልፋ ብዬ? እርስዎ ያገኙታል ብዬ ነዋ። እርስዎ ይግባ ካሉ ደግሞ ደህና ነው ማለት ነው።"

እትዬ ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ግን ከጎኑ ያለው ሰውዬ መሬት መሬት ያያል። ከሱ ቀጥላ ያለችው ሴትም። ሊቀመንበሩ ራሱ ጉሮሮውን ጠራረገና "እውነቱን ለመናገር እኔም ለይቼ አላውቅም። አፍንጫ ታየዋለች እያልኩ ነው" አለ።

"አሥራ ሰባት ዓመት!" አለች እትዬ። "እኔ ለካ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ሳሳድግ ነው የኖርኩት!" አለችና ሳቀች። እንባዋም እየወረደ ነው፣ ሳቋም አልቆም ብሏል። እኔም ይዞኝ ሳቅኩ።

በማግስቱ ሕግ አወጣች። ከእንግዲህ ሁሉም ድንቹን እዚያው ማሳው ላይ ይለያል። በሩ ላይ ደግሞ ጎረቤት የጎረቤቱን ጆንያ ያሸታል፤ ያሳለፈው ከበሰበሰ አብሮ ይቀብራል። እሷ በሩ ላይ በርጩማዋን አድርጋ ትቀመጣለች እንጂ ፊቷን የትም አትከትም። መጥረጊያውን የመለሰላት የለም፤ ሊቀመንበሩ ራሱ ነው የጠረገው።

ዘንድሮ መጋዘኑ ሲከፈት ማየት ነበረባችሁ። ጆንያው ሲፈታ ድንቹ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ አፈሩ የተራገፈ። እኔ ሚዛኔ ላይ ነኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የተመለሰው ሁለት ጆንያ ብቻ ነው። ነገ እንኳ ቅጠሉን በወቅቱ አጭዷል፤ ዛሬ እንበለው ብንል ሚስቱ "አታበላሹት፣ ገና አልለመደውም" አለችን።

በዚህ መሐል ባሌ ሲቆፍር የዋለበትን ቦት ጫማ እንዳደረገ መጣና እትዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ አወለቀው። የባሌን ቦት ጫማ እኔ ነኝ የማውቀው። እትዬን ሳያት ያቺ ትንሽ አፍንጫዋ ሽምቅቅ አለች፤ በርጩማዋን ቀስ አድርጋ ወዲያ ሳበች።

"እትዬ!" አልኩ።

"ምን?"

"ሸተተሽ!"

ግራና ቀኝ አየች። ክንዴን ያዘችና ወደ ሚዛኑ ጀርባ ጎተተችኝ።

"ቀስ በይ! ምን ያስጮህሻል?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዝናቡ ሲገባ። አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ያንቺ ሽንኩርት ሲያር ሸተተኝ፤ ከአጥር ወዲያ! አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚጥም ሽታ አሽትቼ አላውቅም" አለች፤ ዓይኗ በራ።

"ታዲያ ለምንድን ነው ያልተናገርሽው? ስንት ወር ሙሉ! ሰው ሁሉ በደስታ..."

በአገጯ ወደ በሩ አሳየችኝ። ነገ የጎረቤቱን ጆንያ ፈትቶ ፊቱን እስከ ጆሮው ከቷል። ዓይኑን ጨፍኗል። ባለቤቱ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ የራሱን ጆንያ ፈትቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ እያየው ነው።

"ዝም አይነቅዝም" አለችኝ እትዬ አፍንጫ።

እኔም አንድ ጊዜ ሳልኩላት።